ድምፅ እንደገና ሲቆጠር፦ ለአሜሪካ ነዋሪ መራጮች ማሳሰቢያ

ሲያትል፣ ሚኒያፖሊስ፣ አሌክሳንድሪያ ወይም ሌላ ከተማ የምትኖሩ፣ ዜግነት ወስዳችሁ የምትመርጡ ወገኖች፦ አንድ ቀን አሸናፊና ተሸናፊ በጥቂት መቶ ድምፅ የሚለዩበት ምርጫ ያጋጥማችኋል። ያን ሰሞን ቆጠራው ሳያልቅ የዋትስአፕና የቴሌግራም ቡድኖቻችን ፍርድ ሰጥተው ያድራሉ። ይህ ማሳሰቢያ ለዚያ ሰሞን ይሁናችሁ። ለአንዱ ፓርቲ ተብሎ የተጻፈ አይደለም፤ እንዲያውም የሁለቱንም ደጋፊዎች ሳያስቀይም አይቀርም።

ቁጥሩ ስለተለወጠ ብቻ «ተሰረቀ» አትበሉ።

በ2004 (እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር) በዋሽንግተን ግዛት የአገረ ገዥ ምርጫ ወደ 2.8 ሚሊዮን ሕዝብ ድምፅ ሰጠ። በመጀመሪያው ቆጠራ ሪፐብሊካኑ ዲኖ ሮሲ በ261 ድምፅ መሩ። በማሽን እንደገና ሲቆጠር መሪነታቸው ወደ 42 ወረደ። ሦስተኛው ቆጠራ በእጅ ነበር፤ በዚህኛው ዴሞክራቷ ክሪስቲን ግሬግዋር በ129 ድምፅ ቀድመው ተገኙ። የሮሲ ደጋፊ ቢናደድ አይፈረድበትም፤ ሁለት ጊዜ አሸንፎ በሦስተኛው መሸነፍ የሚዋጥ ነገር አይደለም። ነገር ግን ማሽን ያላነበበውን፣ በደንብ ያልተበሳውን ወይም በቅጡ ያልጠቆረውን ወረቀት የሰው ዓይን ያነበዋል። በስህተት ውድቅ የተደረገ ወረቀትም በማጣራት ይገኛል። ልዩነቱ መቶ ሺህ ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ ልብ የሚል አይኖርም ነበር።

የሮሲ ወገን ፍርድ ቤት ሄደ፤ መብቱ ነው። በቼላን ካውንቲ ያስቻሉት ዳኛ ጆን ብሪጅስ ሰኔ 6 ቀን 2005 በሰጡት ፍርድ ከ1,600 በላይ ሕገ ወጥ ድምፆች መሰጠታቸውን ተቀብለዋል። ሆኖም እነዚያ ድምፆች ለማን እንደገቡ ማስረጃ አልቀረበም፤ ማጭበርበርም አልተረጋገጠም። ለሮሲ ድምፅ መስጠታቸውን ራሳቸው የመሰከሩ፣ የመምረጥ መብት ያልነበራቸው የአራት ሰዎች ድምፅ ተቀነሰ፤ ልዩነቱም 133 ሆነ። የቢሮ ዝርክርክነትና ስርቆት ሁለት የተለያዩ ክሶች ናቸው። አንዱን ስታገኙ ሌላውን አግኝተናል አትበሉ።

ደንቡ መቼ እንደተጻፈ ጠይቁ።

ከዚህ ዝርዝር አንዱን ብቻ ያዙ ብባል ይህን እመርጣለሁ። ቁጥር ይለዋወጣል፤ ቆጠራው ከተጀመረ በኋላ መለዋወጥ የሌለበት የመቁጠሪያው ደንብ ነው። እህል እየተሰፈረ ቁናው ሲቀየር ዝም የሚል ገበያተኛ የለም።

ለዚህ ፍሎሪዳ 2000ን የሚያህል ማስረጃ አይገኝም። በፕሬዝዳንታዊው ምርጫ ወደ 6 ሚሊዮን ከሚጠጋ ድምፅ ሪፐብሊካኑ ጆርጅ ቡሽ በመጀመሪያ በ1,784 መሩ። ልዩነቱ ከግማሽ በመቶ በታች ስለነበረ ሕጉ ራሱ የማሽን ዳግም ቆጠራ አስገደደ፤ መሪነታቸውም ተሸረሸረ። የተፎካካሪያቸው የዴሞክራቱ አል ጎር ወገን የእጅ ቆጠራ ጠየቀ። የጠየቀው ግን በመላው ግዛት ሳይሆን በፓልም ቢች፣ በብራዋርድ፣ በማያሚ ዴድና በቮሉሺያ ካውንቲዎች ብቻ ነበር፤ አራቱም ጎር ያሸነፉባቸው። ካርዱ የሚበሳ ዓይነት ነውና ክርክሩ ሁሉ ከቀዳዳው ሳትላቀቅ በቀረችው ቁራጭ ወረቀት ላይ ሆነ። በአንድ ጥግ ከተንጠለጠለች ይቆጠር? ጎድጎድ ብቻ ካለችስ? አንዱ ካውንቲ በአንድ መንገድ፣ ሌላው በሌላ መንገድ ፈረደ። ፓልም ቢች ደግሞ እየቆጠረ ሳለ መለኪያውን ደጋግሞ ቀየረ።

በሌላ በኩል ውጤቱን የሚያጸድቁት የግዛቱ ሴክሬታሪ ኦፍ ስቴት ካትሪን ሃሪስ፣ በፍሎሪዳ የቡሽ የምርጫ ዘመቻ ተባባሪ ሊቀመንበር ነበሩ። በእኛ አገር ቢሆን ምን እንደምንል አውቃለሁ፤ እዚህም ሲሆን ያንኑ ማለት አለብን።

ታኅሣሥ 12 ቀን የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፈረደ። ከዘጠኙ ዳኞች ሰባቱ ወጥ መለኪያ የሌለው ቆጠራ የመራጮችን እኩልነት ይጥሳል የሚለውን ስጋት ተቀበሉ። አምስቱ ግን ከዚያ አልፈው ጊዜ የለም ብለው ቆጠራውን ዘጉት። ቡሽ በ537 ድምፅ ጸደቁ። እንደ እኔ ሰባቱ ትክክል ነበሩ፤ አምስቱ ተሳስተዋል። መለኪያው ከተዛባ ይስተካከላል እንጂ ቆጠራው አይዘጋም።

አስገራሚው የመጣው በዓመቱ ነው። ትልልቅ ጋዜጦች አብረው ያስጠኑት፣ 175,010 ወረቀቶች አንድ በአንድ የታዩበት ምርመራ በ2001 ወጣ። ጎር በጠየቋቸው አራት ካውንቲዎች ብቻ ቢቆጠር ኖሮ አሸናፊው ያው ቡሽ ነበሩ። በመላው ግዛት ውድቅ የተደረጉት ወረቀቶች በሙሉ ቢታዩ ግን ጎር በጥቂት ድምፅ ሊቀድሙ ይችሉ ነበር። ደጋፊዎቻቸው የሚበዙበትን ሰፈር ብቻ መርጠው ሲጠይቁ የሚጠቅማቸውን ጥያቄ ሳይጠይቁ ቀሩ ማለት ነው።

ስለዚህ ዳግም ቆጠራ ስትደግፉ በሁሉም ቦታና በአንድ መለኪያ ይሁን በሉ። ይህንንም ማን እየመራ እንደሆነ ከማወቃችሁ በፊት ተናገሩ፤ ካወቃችሁ በኋላ የምትሉትን ማንም አያምናችሁም።

ይቆጠርልኝ ያለውን እጩ አታሳፍሩ።

ሕግ የሰጠው መብት ነው። በቨርጂኒያ ዳግም ቆጠራ በራሱ አይጀመርም፤ ልዩነቱ ከ1 በመቶ ካልበለጠ ተሸናፊው በፍርድ ቤት በኩል ይጠይቃል፤ ከግማሽ በመቶ ካልበለጠ ወጪው የመንግሥት ነው። በዋሽንግተን የ2004ቱን የእጅ ቆጠራ ያስጀመረው ዴሞክራቲክ ፓርቲ 730,000 ዶላር አስይዞ ነው። ግዛቱ ይለያያል፤ የምትኖሩበትን እወቁ።

ታዛቢ ከሆናችሁ እዩ፣ ጻፉ፤ አትንኩ፣ አትጩኹ።

በ2008 የሚኒሶታ የሴኔት ምርጫ ኖርም ኮልማን በ215 ድምፅ ይመሩ ነበር፤ ከእጅ ቆጠራው በኋላ አል ፍራንከን በ225 ቀደሙ፤ ክርክሩ ፍርድ ቤት ዞሮ ሲያልቅ 312 ሆነ። የሁለቱ ወገን ታዛቢዎች ከ6,000 በላይ ወረቀቶች ላይ ተቃውሞ አስመዘገቡ። አብዛኛውን በኋላ ራሳቸው አንስተውታል፤ ድካሙ ለእልህ ነበር። የቀሩትን አራት ዳኞችና ሴክሬታሪ ኦፍ ስቴቱ ያሉበት ቦርድ በአደባባይ፣ ሕዝብ እያየ አንድ በአንድ መረመረ። ከመካከላቸው አንድ መራጭ «የእንሽላሊት ሰዎች» ብሎ የጻፈበት ወረቀት ነበረ፤ የተከበሩ ዳኞች ስለ እሱም በቁም ነገር ተከራከሩ። ብትስቁ አይገርመኝም፤ እኔ ግን ይህን ክርክር አከብረዋለሁ። ፍራንከን ቃለ መሐላ የፈጸሙት ከምርጫው ስምንት ወር በኋላ ሐምሌ 7 ቀን 2009 ነው። ረጅም ነው፤ ቢሆንም ወረቀቱን ማየት የፈለገ ሁሉ አይቶታል።

ማያሚ ዴድን ከዚህ ጋር አነጻጽሩ። ኅዳር 22 ቀን 2000 ሰልፈኞች ቆጠራው የሚካሄድበትን ፎቅ በጩኸት ሞሉት፤ የካውንቲው ቦርድም በዚያው ቀን የእጅ ቆጠራውን አቆመ።

ቆጣሪውን ሠራተኛ አትክሰሱ፣ ፎቶውን አታዟዙሩ።

ከጆርጂያ 2020 በኋላ ሁለት የምርጫ ሠራተኞች፣ እናትና ልጅ፣ በሐሰት «ድምፅ ሰረቁ» ተብለው ኑሯቸው ተናጋ። በ2023 ጁሪ (ከሕዝብ የተውጣጡ ፈራጆች) ስማቸውን ያጠፋው ሰው 148 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል ወሰነ፤ ሰውየው የቀድሞው የኒው ዮርክ ከንቲባ ሩዲ ጁሊያኒ ናቸው። ጆርጂያ ያን ምርጫ በእጅም በማሽንም ደግማ ቆጥራለች፤ አሸናፊው አልተለወጠም።

97ን አትርሱ፤ መለኪያ ግን አታድርጉት።

በኢትዮጵያ አቆጣጠር የግንቦት 7 ቀን 1997ን የአገር ቤት ምርጫ የኖረ ሰው ቆጠራ ሲዘገይ ሆዱ ቢባባ እውነት አለው። ያኔ ከብዙ አቤቱታ በኋላ ነሐሴ 15 ቀን በ31 የምርጫ ክልሎች ድጋሚ ምርጫ ተደረገ፤ ውዝግቡ ግን በዚያ አልበረደም፤ የሰው ሕይወትም ጠፋበት። ያ ጥርጣሬ ጥሩ ጥያቄ እንድትጠይቁ ይርዳችሁ፦ ወረቀቱ የት አደረ? ማን ጠበቀው? የሁለቱም ወገን ታዛቢ ነበረ? መልሱ «አዎ፣ ነበረ» ከሆነ መዘግየቱ ብቻውን ወንጀል አይደለም። መልስ የሚሰጥ ከጠፋ ግን መጮህ ተገቢ ነው፤ አሜሪካም ብትሆን።

ወረቀታችሁን አታበላሹ፤ ከተበላሸም አትሰርዙ፣ አስቀይሩ።

በ2017 በቨርጂኒያ የግዛት ምክር ቤት ምርጫ፣ ኒውፖርት ኒውስ፣ አንድ መራጭ የሁለቱንም እጩዎች ክብ አጠቆረና በአንዷ ላይ ሰረዝ አደረገ። በዳግም ቆጠራው ዴሞክራቷ ሼሊ ሳይመንድስ በአንድ ድምፅ አሸንፈው ነበር። ዳኞች ያን ወረቀት ለሪፐብሊካኑ ዴቪድ ያንሲ ሲቆጥሩት ሁለቱ እኩል 11,608 ሆኑ። ጥር 4 ቀን 2018 ስማቸው በሸክላ ሳህን ውስጥ ገብቶ ዕጣ ወጣ፤ ያንሲ አሸነፉ። የግዛቱ ምክር ቤት 51 ለ49 በሪፐብሊካኖች እጅ የቀረው በዚህ ዕጣ ነው።

ፊርማችሁን አስተካክሉ።

በፖስታ የምትመርጡ ከሆነ አንዱ ትልቅ አደጋ ይሄ ነው። በ2004 ሲያትል ያለችበት ኪንግ ካውንቲ ከ500 በላይ ድምፆችን ውድቅ ያደረገው የመራጮቹ ፊርማ በኮምፒውተሩ ስላልተገኘ ብቻ ነበር፤ በወረቀት መዝገብ ሊፈለግ ይገባ ነበር። ነገሩ የታወቀው የካውንቲው ምክር ቤት ሊቀመንበር ላሪ ፊሊፕስ ውድቅ ከተደረጉት ዝርዝር ውስጥ የራሳቸውን ስም ሲያዩ ነው። የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እንዲቆጠሩ ፈቀደ። ሊቀመንበሩ ስማቸውን ባያዩትስ?

በእኛ ዘንድ ችግሩ ይብሳል። አንዱ መንጃ ፈቃዱ ላይ በአማርኛ ፈርሞ ኤንቨሎፑ ላይ በእንግሊዝኛ ይፈርማል፤ ሌላዋ የአያቷን ስም አንዴ ጽፋ አንዴ ትተዋለች። ስለዚህ በአንድ ዓይነት ፊርማ ጽኑ። ድምፃችሁ መድረሱን በካውንቲያችሁ የምርጫ ቢሮ ድረ ገጽ ተከታተሉ። «ፊርማዎ አልተመሳሰለም» የሚል ደብዳቤ ከመጣ ማስታወቂያ ነው ብላችሁ አትጣሉት፤ እንግሊዝኛው ለሚከብዳቸው እናትና አባቶቻችንም አንብቡላቸው። የማስተካከያው ቀነ ገደብ አጭር ነው፤ ካለፈ በኋላ ማንም ቢያሸንፍ ያ ድምፅ አይቆጠርም።