ስለ ታመመ የእጅ አንጓና ስለ መደገፊያው

የእጃችን አንጓ ጤናማ በሆነ ጊዜ መኖሩን እንኳ አናስታውሰውም። ይሁን እንጂ ክንድና መዳፍ የሚገናኙበት ይህ ጠባብ ስፍራ ስምንት ትናንሽ አጥንቶች በሁለት ረድፍ የተደረደሩበት፣ ጣቶችን የሚያንቀሳቅሱት ጅማቶችም የሚያልፉበት ነው። ስለዚህ አንጓው የታመመ እንደ ሆነ ጣቶች ራሳቸው ምንም ሕመም ባይኖርባቸው እንኳ የመጨበጥ ኀይላቸው ይደክማል። መምህሩ ጠመኔውን፣ ጸሐፊው ብዕሩን፣ የቤት እመቤቲቱም ጀበናዋን አጥብቀው መያዝ የሚሳናቸው በዚህ ምክንያት ነው።

በአገራችን የመጋጠሚያ ሕመም ሁሉ «ቁርጥማት» ወይም «ሪህ» እየተባለ ይጠራል፤ ነገር ግን በአንድ ስም የሚጠሩት ደዌዎች አንድ ዓይነት አይደሉም። አንደኛው በዕድሜ ብዛት ወይም ቀድሞ በደረሰ ስብራት ምክንያት በአጥንቶች ጫፍ ላይ ያለው ለስላሳ ልባስ እየሳሳ ሲሄድ የሚመጣው ነው። ይህ ሥራ ሲበዛ ይብሳል፤ ዕረፍት ሲያገኝ ይሻለዋል። ሁለተኛው ሐኪሞች ሩማቶይድ አርትራይተስ የሚሉት ሲሆን፣ ሰውነት በሽታን የሚከላከልበት ኀይል ተሳስቶ የራሱን መጋጠሚያ ሲያጠቃ የሚደርስ ነው። ይህኛው ከወንዶች ይልቅ ሴቶችን አብዝቶ ይይዛል፤ ብዙውን ጊዜም ሁለቱን እጆች በአንድነት ያሳብጣል። በሽተኛው ጠዋት ሲነሣ እጁ ደርቆ ለመፍታታት አንድ ሰዓትና ከዚያም በላይ ሊፈጅበት ይችላል። እንዲህ ያለው የጠዋት ድርቀትና እብጠት ለሳምንታት የቈየበት ሰው ሳይዘገይ ወደ ሐኪም ይሂድ። ሕክምናው በመጀመሪያዎቹ ወራት ካልተጀመረ አጥንቱ እየተበላ ይሄዳል፤ የተበላውንም አጥንት ማናቸውም መደገፊያ አይመልሰውም።

ፈረንሳዊው ሠዓሊ ኦገስት ሬኖዋር በዚህ ደዌ እጆቹ ተጣምመው ሳለ፣ ብሩሹን ሌላ ሰው እያስያዘው እ.ኤ.አ. በ1919 እስከ ሞተበት ዓመት ድረስ ይሥል ነበር። በእጁ ላይ የተጠመጠመውን ጨርቅ አይተው ብሩሹ በእጁ ላይ ታስሮ ነበር የሚሉ አሉ፤ ጨርቁ ግን የመዳፉ ቆዳ እንዳይቈስል የተደረገ ነበር። በዚያ ዘመን ደዌውን የሚገታ መድኀኒት አልነበረም፤ ዛሬ ግን አለ።

መደገፊያ ሕመምን ያስታግሣል እንጂ ደዌውን አያድንም። በትልልቅ ከተሞች በመድኀኒት ቤቶችና በሕክምና ዕቃ መደብሮች የሚሸጠው፣ ከጠንካራ ጨርቅ ተሠርቶ በመዳፍ በኩል ስስ ብረት የገባበት ነው። ሰው በሚገዛበት ጊዜ ዋጋውን እንጂ አሠራሩን ስለማይመረምር የማይረባውን ይዞ ይመለሳል። ለመምረጥ የሚረዳውን ነገር በቀላል ሙከራ ማወቅ ይቻላል። እጅዎን ከአንጓው ወደ ታች በሙሉ አጥፈው ጣቶችዎን ለመጨበጥ ይሞክሩ፤ ጭብጡ ይላላል። እጁን ከአንጓው ወደ ላይ በጥቂቱ ቀና አድርገው ደግሞ ይጨብጡ፤ ኀይል ያገኛል። መምህራን ይህን በክፍል ውስጥ ለተማሪዎቻቸው ሊያሳዩ ይችላሉ። መልካም መደገፊያም አንጓውን በዚህ ጥቂት ቀና ባለ አኳኋን የሚይዝ ነው። በመዳፍ በኩል ከጣቶች ሥር ካለው እጥፋት አልፎ መሄድ የለበትም፤ አልፎ የሄደ እንደ ሆነ ጣቶች አይታጠፉም። አውራ ጣትም ነጻ ይሁን። በክንድ በኩል ግን ከክንዱ ርዝመት ከሦስት እጅ ሁለቱን እጅ ያህል ቢይዝ የተሻለ ይደግፋል።

መግዛት ያልቻለ ሰው ወፍራም ካርቶን በዚሁ ልክ ቈርጦ፣ በጥጥ አለስልሶና በሰፊ ጨርቅ ጠቅልሎ ለጥቂት ቀናት ሊገለገልበት ይችላል። እዚህ ላይ ግን አጥብቀን የምናሳስበው ነገር አለ። አንጓ ሲያም ጠፍንጎ ማሰር በሕዝባችን ዘንድ የተለመደ ነው፤ በቀርከሃ ስንጥቅ አጥብቀው የሚያስሩ ወጌሾችም አሉ። የጠበቀ እስር ደምን ስለሚከለክል ሥጋው ሞቶ እጃቸው እስከ መቈረጥ የደረሱ ሰዎች በአገራችን ሐኪም ቤቶች ታይተዋል። ይህን የምንለው ወጌሾችን ለመንቀፍ አይደለም። ማንም ያሰረው ቢሆን፣ ከእስሩ በታች አንድ ጣት ማስገባት ሊቻል ይገባል። ጥፍርን ተጭነው ሲለቁት ነጭ የሆነው ቀለም በሁለት ሴኮንድ ያህል ካልተመለሰ፣ ወይም ጣቶች ከደነዘዙ፣ ከቀዘቀዙ ወይም ከጠቈሩ፣ ወዲያውኑ ይፈታ፤ ሌሊትም ቢሆን እስኪነጋ አይጠበቅ።

መደገፊያው በሥራ ጊዜ፣ ሕመሙ በበረታበትም ወራት በመኝታ ጊዜ ይደረጋል። በቀን ጥቂት ጊዜ አውልቆ አንጓውን ቀስ ብሎ ማንቀሳቀስ ያስፈልጋል፤ ያለማቋረጥ የታሰረ እጅ ይደርቃል፤ ጡንቻውም ይሰንፋል። ላብ የጠጣ ጨርቅ ቆዳን ስለሚያሳክክ በሳሙና ታጥቦ ይድረቅ።

ከመደገፊያው ባልተናነሰ የሚጠቅመው የአሠራር ለውጥ ነው። የደብተር ክምር በጣቶች ተንጠልጥሎ ከሚወሰድ በክንድ ላይ ታቅፎ ይወሰድ። ቀጭን ብዕር ጨርቅ ቢጠመጠምበት ለመያዝ ይቀላል፤ ጠመኔም እንዲሁ። የፈተና ወረቀት በአንድ ምሽት ከማረም ለሦስት ምሽት መክፈል ይሻላል። ጀበና ሲቀዳ ሁለተኛው እጅ በወፍራም ጨርቅ ከሥር ይደግፍ። ሊጥ ማቡካትና የታጠበ ልብስ መጭመቅ አንጓን ክፉኛ ስለሚጐዱ፣ እናት በታመመች ጊዜ ልጆች፣ ወንዶቹም ጭምር፣ ይህን ሥራ ቢረከቡ ምንም ነውር የለበትም። ጠዋት ለደረቀ እጅ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ አሥር ደቂቃ ያህል መንከር ይረዳል፤ ላበጠና ለሚያተኵስ አንጓ ግን በቀዝቃዛ ውሃ የተነከረ ጨርቅ ይሻላል።

ስለ መድኀኒት ጥቂት እንበል። እ.ኤ.አ. በ1948 ፊሊፕ ሄንች የተባሉ አሜሪካዊ ሐኪም ኮርቲዞንን ለሩማቶይድ በሽተኛ ሰጥተው የታየው መሻል ዓለምን አስደነቀ፤ በ1950ም ከሁለት ሊቃውንት ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ቈይቶ ግን ጕዳቱም ታወቀ። የዚሁ ወገን የሆነው ፕሬድኒሶሎን ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለወራት ሲወሰድ አጥንትን ያሳሳል፣ የደም ግፊትንና ስኳርን ከፍ ያደርጋል። ፊትም ይሞላል፤ ጎረቤትም ይህን አይቶ «መድኀኒቱ ተስማማው» ይላል። ለረጅም ጊዜ የወሰደው ሰው በድንገት ቢያቋርጠው ደግሞ ሌላ አደጋ ስላለው፣ አወሳሰዱንም አተዉንም ሐኪም ይወስን። ዳይክሎፌናክም ሲዘወተር ጨጓራንና ኵላሊትን ይጐዳል። ለሩማቶይድ የሚታዘዘው ሜቶትሬክሴት በሳምንት አንድ ቀን ብቻ የሚወሰድ ነው፤ በየቀኑ የወሰደው ሰው ሊሞት ይችላል። እርጉዝ ሴትም ጨርሶ አትወስደውም።

አንድ አንጓ ብቻ በድንገት አብጦ፣ ቀልቶና ግሎ ትኵሳት ያስከተለ እንደ ሆነ፣ በውስጡ መግል ይዞ ሊሆን ስለሚችል አይታሸም፣ አይታሰርም፤ በሽተኛው በዚያኑ ቀን ወደ ሐኪም ቤት ይወሰድ።