«ዘፈቀደ»፣ ዕጣዊ እና የማይገመት፦ በኢንተርኔት ደረጃዎች ውስጥ የቃላት ትርጉም ጉዳይ

1. መግቢያ

በግእዝ «ፈቀደ» ማለት ወደደ፣ ፈለገ ማለት ነው። ከዚሁ ሥር የመጣው «በዘፈቀደ» በዕለት ተዕለት አማርኛ ያለ ሥርዓት፣ እንደ ሰው ፈቃድ የተደረገን ነገር ያመለክታል። በስታትስቲክስና በኮምፒውተር ትምህርት ግን ይኸው ቃል የማንም ፈቃድ የሌለበትን፣ በዕድል ብቻ የሚወሰን ምርጫ እንዲገልጽ ይደረጋል። የኢንተርኔት ደረጃዎችን ለሚያነብ ባለሙያ ይህ ግጭት የአሠራር ስሕተት ሊያስከትል ይችላል። በዚህ ጽሑፍ ችግሩ በማክ አድራሻ ምሳሌነት ይታያል።

2. አራት የተለያዩ ባሕርያት

ዕቁብ ልዩነቱን ግልጽ ያደርጋል። ዕጣው ውስጥ ያለ እያንዳንዱ ስም እኩል ዕድል ማግኘቱ ዕጣዊነት ነው። ሰብሳቢውም ሆነ አባላቱ ባለ ዕጣውን አስቀድመው ማወቅ አለመቻላቸው አለመገመት ነው። የደረሰው ሰው ዳግም አለመድረሱ አለመደገም ሲሆን፣ ይህ የሚመነጨው ከዕጣው ሳይሆን ስሙን ከሚያወጣው ደንብ ነው። በየሳምንቱ አዲስ ዕጣ መውጣቱ ደግሞ ተለዋዋጭነት ነው። አንዱ ባሕርይ መኖሩ ሌላው ለመኖሩ ማረጋገጫ አይሆንም።

እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣውን አር ኤፍ ሲ 1750 የተካው የ2005ቱ አር ኤፍ ሲ 4086 ለደኅንነት ወሳኙ አለመገመት መሆኑን ያስረዳል። የስታትስቲክስ ፈተናን ያለፈ የቁጥር ተርታ እንኳ፣ መነሻ እሴቱ ከታወቀ፣ ሙሉ በሙሉ ሊተነበይ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2008 በዴቢያን የተገኘው ጉድለት ለዚህ ማሳያ ነው፤ የምስጢር ቁልፎች በሂደት መለያ ቁጥር ላይ ብቻ በመመሥረታቸው፣ ለአንድ ዓይነት ቁልፍ የነበሩት አማራጮች ወደ 32 ሺህ ገደማ ወርደው ነበር።

3. ምሳሌ፦ የስብሰባ አዳራሽ በአዳማ

ብዙ ስብሰባዎችን በምታስተናግደው አዳማ 300 ስልኮች የተገናኙበት አንድ የሆቴል አዳራሽ ይታሰብ። ማክ አድራሻ 48 ቢት አለው፤ በዕጣ በሚወጣ አድራሻ ሁለቱ ቢቶች የተወሰኑ ስለሆኑ 46 ይቀራሉ፤ ይህም ከ70 ትሪሊዮን በላይ አማራጭ ነው። ከ300 ስልኮች 44,850 ጥንዶች ይገኛሉ። ስለዚህ ሁለት ስልኮች አንድ አድራሻ የመያዛቸው ዕድል ከቢሊዮን አንድ ያነሰ ነው። አድራሻ አውጪው በ32,768 መነሻ እሴቶች ቢወሰን ግን ይኸው ዕድል ወደ 75 በመቶ ይጠጋል። አድራሻዎቹ ለዓይን በሁለቱም ሁኔታ ዕጣዊ ይመስላሉ።

ሁለተኛው ችግር ዕጣዊነትን ከተለዋዋጭነት ጋር ማምታታት ነው። እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ አንድሮይድ 10 በነባሪነት ለእያንዳንዱ የኔትወርክ ስም አንድ ቋሚ ዕጣዊ አድራሻ ይይዛል። ሆቴሉ ለሦስት አዳራሾች ሦስት የኔትወርክ ስሞች ሰጥቶ ለአንድ እንግዳ ሁለት መሣሪያ ብቻ ቢፈቅድ፣ አንድ ስልክ የያዘ እንግዳ ሦስተኛው አዳራሽ ላይ ይከለከላል። በአንጻሩ ስሙ አንድ ከሆነ ስልኩ ከወር በኋላም ሊታወቅ ይችላል፤ «አድራሻዬ ዕጣዊ ስለሆነ አልታወቅም» የሚል እንግዳም ተሳስቷል። እ.ኤ.አ. በ2025 የወጣው አር ኤፍ ሲ 9724 አድራሻ በየመሣሪያው፣ በየማስነሻው፣ በየኔትወርኩ፣ በየጊዜው ወይም በየግንኙነቱ የሚወጣ መሆኑን ለይቶ የሚሰይመው ይህን መሰል መደበላለቅ ለማስቀረት ነው።

4. ማጠቃለያ

በአማርኛ ለሚዘጋጁ የቴክኒክ ጽሑፎች «ዕጣዊ»ን ለእኩል ዕድል፣ «የማይገመት»ን ለደኅንነት መለየት የተሻለ ነው፤ «በዘፈቀደ» ፈቃድን ስለሚያስታውስ ለሁለቱም አይመችም። ከስያሜው በላይ ግን ማንኛውም መግለጫ አራት ጥያቄዎችን መመለስ ይኖርበታል፦ እሴቱ ከስንት አማራጮች ወጣ? ለማን የማይገመት ነው? በየትኛው ወሰን ውስጥ አይደገምም? መቼ ይለወጣል? እነዚህ ካልተመለሱ ቃሉ ምንም ቢሆን ትርጉሙ ለአንባቢው ግምት የተተወ ነው።