ስልካችን ለጥገና ሲሄድ መድኃኒታችንን ይዞብን እንዳይሄድ

በዚህ ዓምድ ብዙ ጊዜ ስለ ምግብና ስለ በሽታ እንነጋገራለን። ዛሬ የምናነሳው ግን ስለ ስልክ ጥገና ነው። «ይህ ደግሞ ከጤና ጋር ምን አገናኘው?» እንደምትሉ እገምታለሁ። እኔም መጀመሪያ ስሰማው ያልኩት ይህንኑ ነበር።

የምሠራበት መድኃኒት ቤት ከቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ ብዙም አይርቅም። ፓርኩ መንግሥት ካስገነባቸው ኢንዱስትሪ ፓርኮች የመጀመሪያው ሲሆን በ2006 ዓ.ም ሥራ ጀምሯል። በውስጡ ባሉት የልብስና የጫማ ፋብሪካዎች የሚሠሩት በአብዛኛው ወጣት ሴቶች በመሆናቸው ከሥራ መውጫ ሰዓት በኋላ ወደ እኛ ጎራ የሚሉት እነዚሁ እህቶች ናቸው። ከእነርሱ አንዷ በአንድ ምሽት ግንባሯ ላይ ቁስል ይዛ ለቁስሉ ፕላስተርና ለራስ ምታቷ ማስታገሻ ልትገዛ መጣች። እንዴት እንደቆሰለች ስጠይቃት ግራና ቀኟን አየችና ሰው እስኪወጣ ጠበቀች። ከዚያም ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ዶክተር፣ ያ ነገር ተነሳብኝ። ስልኬ ጥገና ላይ ስለሆነ ነው» አለችኝ። (መድኃኒት ቤት ውስጥ ነጭ ጋውን የለበሰ ሁሉ ዶክተር ይባላል፤ እኔ የፋርማሲ ባለሙያ ነኝ ብዬ ማረም ከተውኩ ቆይቻለሁ።)

«ያ ነገር» ያለችው የሚጥል በሽታ ነው። ሐኪም ባዘዘላት ካርባማዜፒን የተባለ መድኃኒት ከሁለት ዓመት በላይ ምንም ሳይነካት ቆይታ ነበር። አብረዋት ቤት የተከራዩት ጓደኞቿ ሕመሟን አያውቁም፤ እንዲያውቁም አትፈልግም። ስለዚህ በቀን ሁለት ጊዜ መድኃኒቷን የሚያስታውሳት ሰው የለም። የሚያስታውሳት ስልኳ ነበር። የኪኒኑን ሰዓት የሚደውልላት፣ የሐኪም ማዘዣውን ፎቶ የያዘላት፣ የቀጠሮዋን ቀን የሚነግራት እሱ ነው። ታሪኳ ለሌሎች ትምህርት እንዲሆን እንድጽፈው ፈቅዳልኛለች፤ ስሟ ግን ከእኔ ጋር ይቆያል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የስልኳ መስታወት ድንገት ጠቆረ። ዋስትናው ስላላለቀ ጎዳና ላይ ለሚጠግን ሰው ከመስጠት ይልቅ ኩባንያው ወደሚያስጠግንበት ቦታ ወሰደችው፤ ይህን በማድረጓ አልተሳሳተችም፤ ሌላ ሰው ከከፈተው ዋስትናው ብዙውን ጊዜ ይቀራልና። ደረሰኝ ተሰጣትና «ከ10 እስከ 15 ቀን» ተባለች። 15 ቀኑ ሲያልፍ «ዕቃው አልመጣም» ተባለች። ሌላ ሳምንት ተጨመረ፤ ከዚያም ሌላ። የዕረፍት ቀኗ እሑድ ነው፤ እሑድ ደግሞ ቢሮው ዝግ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ «መጣ ወይ?» የሚል ጥያቄ የግማሽ ቀን ፈቃድ ያስከፍላት ነበር። በአጠቃላይ ከአምስት ሳምንት በላይ ጠበቀች።

ብዙ ሰው «ስልክ እዚሁ አገራችን ይገጣጠም የለ እንዴ፣ ጥገናው ለምን ይዘገያል?» ይላል። እርግጥ ነው፣ ቴክኖን የሚያመርተው ትራንሽን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2011 አዲስ አበባ ውስጥ ስልክ መገጣጠም ጀምሯል። ይሁን እንጂ መገጣጠም ማለት ከውጭ የመጡ ክፍሎችን አንድ ላይ ማድረግ ነው። የእህታችን ስልክ ደግሞ የሌላ ኩባንያ ሆኖ ተሠርቶ ያለቀለት ከውጭ የመጣ ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ስልክ ትክክለኛው መስታወት በመጋዘን ከሌለ እስኪገባ መጠበቅ ግድ ነው። እንግዲህ መዘግየቱን ማስቀረት ባንችል እንኳ ተዘጋጅተን መጠበቅ እንችላለን።

በመካከል ምን ሆነ?

አንዲት ጓደኛዋ የማትጠቀምበትን ባለቁልፍ ስልክ አዋሰቻት። እህታችንም ማንቂያውን ራሷ ሞላች። መድኃኒቷን የምትወስደው ጠዋት 12 ሰዓት ተኩልና ማታ 12 ሰዓት ተኩል ስለሆነ 12:30 ብላ ጻፈች። የድሮ ስልኳን የሞላላት ወንድሟ 6:30 ብሎ እንደነበር አላስተዋለችም። ስልኩ የሚቆጥረው በፈረንጅ ሰዓት ነው፤ በእሱ አቆጣጠር 12:30 ማለት በእኛ እኩለ ቀን 6 ሰዓት ተኩል ወይም እኩለ ሌሊት 6 ሰዓት ተኩል ነው። ቀን ሲጮኽ ስልኩ ሎከር ውስጥ ነበር፤ ወደ መስፊያው መስመር ይዞ መግባት አይፈቀድም። ሌሊት ሲጮኽ ደግሞ ጓደኞቿን እንዳይቀሰቅስ በእንቅልፍ ልቧ አጠፋችው። በሦስተኛው ቀን «ይሄ ስልክ ተበላሽቷል» ብላ ማንቂያውን ሰረዘችና በትዝታዋ ተማመነች።

በማግስቱ መድኃኒቷን ይዛ እንድትመጣ ነገርኳትና ቆጠርነው። ለ30 ቀን 60 ፍሬ ተሰጥቷት ነበር። በ30ኛው ቀን የተረፈው 19 ፍሬ ነው። እሷ ግን «ምናልባት አራት አምስቴ ረስቼ ይሆናል» ነበር ያለችኝ። አንባቢያን ሆይ፣ ይህን የምለው እሷን ለመውቀስ አይደለም። ሰው የዋጠውን ያስታውሳል፤ የረሳውን ግን ከየት አምጥቶ ይቆጥራል? የተረፈውን ኪኒን መቁጠር እውነቱን ይነግረናል፤ ለስኳርም ሆነ ለደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሁሉ በወሩ መጨረሻ ቢያደርገው መልካም ነው።

ሁሉም መድኃኒት እኩል አይጠብቅም

አንድ ሰው ለደም ግፊት የሚወስደውን አምሎዲፒን አንድ ቀን ቢረሳ ብዙውን ጊዜ ጉዳቱ ትንሽ ነው፤ መድኃኒቱ ከሰውነት የሚወጣው በዝግታ ነውና። ለእንቅርት የሚሰጠው ሌቮታይሮክሲንም ሰውነት ውስጥ ለቀናት ይቆያል። ካርባማዜፒን ግን ከዚህ ይለያል። ለረጅም ጊዜ በወሰደው ሰው ላይ ከግማሽ ቀን ትንሽ ባለፈ ጊዜ ውስጥ መጠኑ በግማሽ ይቀንሳል። ሁለት ጊዜ በተከታታይ ሲዘለል በደም ውስጥ የሚቀረው በጣም ጥቂት ስለሚሆን በሽታው ሊነሳ ይችላል። የልብ ምትን የሚያረጋጋው አቴኖሎልም በድንገት ሲቋረጥ ምቱ ሊያሻቅብ፣ የልብ ሕመም ባለበት ሰው ላይም ከባድ አደጋ ሊያመጣ ይችላል። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት መቆራረጥ ደግሞ ጀርሙ መድኃኒቱን እንዲላመድ መንገድ ይከፍታል፤ ጉዳቱም ለቤተሰቡ ሁሉ ይተርፋል።

ታዲያ አንድ ጊዜ ከረሳን ምን እናድርግ? ለብዙዎቹ ኪኒኖች ደንቡ ቀላል ነው። ባስታወስንበት ሰዓት መውሰድ፤ የሚቀጥለው መውሰጃ ሰዓት ከደረሰ ግን የተረሳውን ትቶ የሚቀጥለውን ብቻ መውሰድ ነው። «ላካክሰው» ብሎ ሁለት አንድ ላይ መዋጥ አይገባም። ኢንሱሊንና ደም ማቅጠኛው ዋርፋሪን ከዚህ ደንብ ውጪ ናቸው፤ እነርሱን በግምት ከማስተካከል በፊት ባለሙያ መጠየቅ ያስፈልጋል። በየሦስት ወሩ የሚሰጠውን የወሊድ ማራራቂያ መርፌ የምትወስዱ እህቶች ደግሞ ቀኑ በስልካችሁ ውስጥ ቀርቶ ካለፈባችሁ «አለፈ» ብላችሁ አትተዉት፤ ባስታወሳችሁበት ቀን ሂዱ። ካርባማዜፒንን በተመለከተ እህታችንን በራሷ ከመጨመርም ከመቀነስም እንድትቆጠብ ነግሬ፣ የቀረውን ፍሬ ቁጥር ጽፌ ወደምትከታተልበት ጤና ጣቢያ ላክኋት።

የሚጥል በሽታ ከተነሳ አይቀር አንድ ነገር ጨምሬ ልለፍ፣ ምክንያቱም ግንባሯን ካቆሰላት በኋላ የተደረገላት ነገር አሳዝኖኛል። የወደቀን ሰው በክብሪት ጭስ ማጠን አይረዳም። በጥርሱ መካከል ማንኪያ ማስገባት ጥርስ ይሰብራል እንጂ አይጠቅምም። ስለታምና የሚያቆስል ነገር ከአጠገቡ ማራቅ፣ ከጭንቅላቱ ሥር ለስላሳ ነገር ማድረግ፣ መንቀጥቀጡ ሲቆም በጎኑ ማስተኛት፣ ሰዓት መመልከት ይበቃል። ከ5 ደቂቃ ካለፈ ወይም ሳይነቃ ከደገመው ወደ ሕክምና መውሰድ ነው። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው፤ ይህን ቁጥር በስልክ ሳይሆን በቃል መያዝ ይገባል።

አዛን ለጥገና አይሄድም

ለእህታችን ሌላ ማንቂያ ስንፈልግ መጀመሪያ ያሰብነው ሌላ ስልክ መግዛትን ነበር። በኋላ ግን ጥያቄው ራሱ መልሱን ሰጠን። በቀን ሁለቴ የሚወሰድ መድኃኒት በ12 ሰዓት ልዩነት ሲባል በደቂቃ የሚለካ አይደለም፤ የአንድ ሰዓት መዛነፍ ለአብዛኞቹ መድኃኒቶች ችግር የለውም። አዲስ አበባ ላይ ከፈጅር እስከ መግሪብ 13 ሰዓት ገደማ ነው። ከተማችን ለምድር ወገብ የቀረበች በመሆኗ እነዚህ ሁለት ወቅቶች በዓመት ውስጥ የሚለዋወጡት ከአንድ ሰዓት ባነሰ ነው። ስለዚህ በሐኪሟ ፈቃድ ጠዋት ከፈጅር ሰላት በኋላ፣ ማታ ከመግሪብ በኋላ እንድትወስድ ተስማማን። ካርባማዜፒን ሆድ እንዳያውክ ከምግብ ጋር ቢወሰድ ስለሚሻል ኪኒኑን ከዳቦው ጋር አንድ ላይ ታስቀምጠዋለች።

«ሐይድ ላይ ስሆንስ?» ብላ ጠየቀችኝ። ተገቢ ጥያቄ ነው። በእነዚያ ቀናት ሰላት ባይኖርም አዛኑ ይሰማል፤ ኪኒኑም እንደዚያው ይቀጥላል። እንዲያውም ብዙ እህቶች መድኃኒታቸውን ከሰላት ጋር ካያያዙት በኋላ በእነዚህ ቀናት እንደሚረሱ ስለማውቅ በተለይ ለእነርሱ ይህን አስምሬበታለሁ። በረመዷን ደግሞ በቀን ሁለት ጊዜ የሚወሰደው ከሱሑርና ከኢፍጣር ጋር ይገጥማል። ሆኖም የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው እንቅልፍ ሲያጣ ሊነሳበት ስለሚችል ከጾሙ በፊት ሐኪሙን ማማከር አለበት። በቀን ሦስት ጊዜ የሚወሰድ መድኃኒት ያለው ሰውም እንዲሁ፤ ራሱ በሁለት አያጠቃልለው።

ከዚህ ሌላ በኪኒኑ ማሸጊያ ጀርባ ላይ በእስክሪብቶ «ሰኞ ጠ፣ ሰኞ ማ» እያሉ መጻፍ አለ። ምንም አያስወጣም፤ የተረሳውም ወዲያው ይታያል። ኪኒኑን ከማሸጊያው አውጥቶ በሌላ ዕቃ መገልበጥ ግን እርጥበት ሊያበላሸው ስለሚችል አልመክርም፤ ልጆች ባሉበት ቤት ደግሞ አደጋው የባሰ ነው።

ስልኩን ከማስረከባችን በፊት

የመድኃኒቱን ስም፣ ስንት ሚሊግራም እንደሆነ፣ የሚወሰድበትን ሰዓት፣ የቀጠሮውን ቀን፣ የካርድ ቁጥራችንንና የሁለት ቤተሰብ ስልክ ቁጥር በአንድ ወረቀት ላይ እንጻፍ። መጻፍ የሚያስቸግረው ሰው መድኃኒት ቤቱን ቢጠይቅ ይጽፍለታል። የማዘዣው ፎቶ ካለ ፎቶ ኮፒ ቤት አሳትሞ ማስቀረት ነው። ሲም ካርዱንና ሚሞሪውን ማውጣት አይረሳ። ቴሌብር ላይ ገንዘብ ያለው ሰው ሲሙን ባለቁልፍ ስልክ ውስጥ አስገብቶ በ*127# መጠቀም ስለሚችል የመድኃኒት መግዣው ስልኩ ውስጥ ታሰረብኝ ብሎ አይጨነቅ። ስልኩ የሚከፈት ከሆነ የቤተሰብ ፎቶና የምርመራ ውጤት ገልብጦ ማጥፋት ይገባል። ጠጋኙ አማናውን ይጠብቃል ብለን ብናምን እንኳ የእኛን ገመና ማየት ሥራው አይደለም። ባትሪው ያበጠ ስልክ ደግሞ ወረፋ እስኪደርስ ትራስ ሥር ወይም ፀሐይ ላይ አይቀመጥ፤ ቻርጅም አይደረግ፤ ሊቃጠል ይችላል።

ስልክ በሌላቸው ሳምንታት «እንቅልፌ ተስተካከለ፣ አንገቴን ማመሙ ተወኝ» የሚሉኝ ደንበኞች ጥቂት አይደሉም። ይህ ራሱን የቻለ ርዕስ ስለሆነ ኢንሻአላህ ሌላ ጊዜ እንመለስበታለን።

የእህታችን ስልክ በስድስተኛው ሳምንት ተመለሰ። መስታወቱ አዲስ ነው፤ ውስጡ ግን ባዶ ነበር። ሲጠግኑት እንደ አዲስ ስለሞሉት ማንቂያው፣ ፎቶው፣ የቀጠሮው ቀን ሁሉ ጠፍቷል። ብዙ ሰው ስልኩ ሲመለስ ማንቂያውም አብሮ የተመለሰ ይመስለዋል፤ የሚዘናጋውም ያኔ ነው። እሷ ግን ወረቀቱን ይዛ መጣችና ባንኮኒው ላይ ዘርግተን አብረን ሞላነው፤ ከፈጅር በኋላ ላለው መጠባበቂያ 6:30 በጠዋት፣ ለማታው 6:30 በምሽት። አንድ ደቂቃ ቆይቶ እንዲጮኽ ሌላ ማንቂያ ሞልተንም ሞከርነው፤ ጮኸ። በሚቀጥለው ወር ስንቆጥር የተረፈው ሁለት ፍሬ ብቻ ነው።