«የእጁን አገኘ» ሲባል፤ የማን እጅ?

ክፉ የሠራ ሰው ክፉ ሲገጥመው በአማርኛ «የእጁን አገኘ» እንላለን። ሕንዶች ካርማ የሚሉት እምነትም ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ ሥራ ወደ ሠሪው ይመለሳል የሚል ነው። በዚህ ትምህርት የምንመረምረው አባባሉ በጦርነት ለተጎዳ ሰላማዊ ሰው ሲነገር የሚያስከትለውን ስሕተት ነው። የሚከተለውን አንቀጽ በጥሞና አንብቡ።

«ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣሊያ አውሮፕላኖች ደሴን በቦምብ ደበደቡ። ተቀጣጣይ ቦምቦች የሣር ክዳን ቤቶችን አነደዱ። የቀይ መስቀል ምልክት ያለበት የአሜሪካ ሚሲዮን ሆስፒታልም ተመታ። በከተማው የነበሩ የውጭ አገር ሐኪሞች የተቃውሞ ቴሌግራም ፈረሙ። የኢጣሊያ ጦር የበላይ አዛዥ የነበረው ማርሻል ባዶሊዮ፣ ኢትዮጵያ እንዲከሰስ ብትጠይቅም፣ ለፍርድ ሳይቀርብ በ1949 ዓ.ም. በትውልድ መንደሩ ሞተ።»

«እጁ» በሚለው ቃል መጨረሻ ያለችው ቅጥያ የእጁን ባለቤት ታመለክታለች። ቤቱ ለነደደበት የደሴ ሕፃን «የእጁን አገኘ» ብንል ቅጥያዋ ወደ ማን ትሄዳለች? ሕፃኑ ቦምብ አልጣለም። ወደ ባዶሊዮ ብንወስዳት ደግሞ «አገኘ» የሚለው ግሥ ሐሰት ይሆናል። ይህ የሰዋስው ነገር ብቻ የሚመስለው ተማሪ ይኖር ይሆናል፤ አይደለም።

ይበልጥ የሚያሠጋው ብዙ ቁጥሩ ነው። «የእጃቸውን አገኙ» ሲባል ተኳሹም፣ ገበያተኛይቱም፣ በማኅፀን ያለውም በአንዲት ቅጥያ ይጠቀለላሉ። ሰኔ 15 ቀን 1980 ዓ.ም. በሐውዜን ገበያ ላይ ቦምብ የጣለው የራሳችን መንግሥት አየር ኃይል ነበር፤ ከሞቱት ብዙዎቹ ሊሸጡና ሊገዙ የወጡ ገበሬዎች ነበሩ። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ የትግራይ ኃይሎች ደሴንና ኮምቦልቻን ይዘው በነበረበት ጊዜ በኮምቦልቻ የርዳታ እህል ተዘረፈ፤ የዓለም ምግብ ፕሮግራምም በሁለቱ ከተሞች እደላውን ለማቋረጥ ተገደደ። ጦም ያደሩት ያን እህል ሲጠባበቁ የነበሩ ቤተ ሰቦች ናቸው። ለሐውዜን «የእጃቸው ነው» ያለ ሰው፣ ለኮምቦልቻ ሲባል ቢሰማ የሚመልሰው ምንድን ነው?

መልመጃ፦ ከላይ በቀረበው አንቀጽ «ተመታ» የሚለው ተደራጊ ግሥ አድራጊውን ሸሽጎታል። ዐረፍተ ነገሩን ባለቤቱን አውጥታችሁ በአድራጊ ግሥ ጻፉት። ድምፁ እንዴት እንደሚለወጥ አስተውሉ። ቀጥሎ በአካባቢያችሁ ካሉ አረጋውያን ስለ አንድ የጦርነት ቀን ጠይቃችሁ የሰማችሁትን በአንድ ገጽ ጻፉ። ማን ምን እንዳደረገ፣ በማንም ላይ ምን እንደደረሰ በየስሙ ይገለጽ፤ «እነሱ» የሚለውን ተውላጠ ስም ግን አንድ ጊዜ እንኳ አትጠቀሙ።