አሞኒያ በሥራ ቦታ አየር ውስጥ፦ ልኩ ስንት ነው?

አሞኒያ በቢራ ፋብሪካዎች፣ በሥጋና በወተት ማቀነባበሪያዎች እንዲሁም በበረዶ ማምረቻዎች ለማቀዝቀዣነት ከመቶ ዓመት በላይ ሲያገለግል የኖረ ውህድ ነው። የሚፈላው ከዜሮ በታች በ33 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሆን፣ አንዱ ኪሎግራም ወደ ጋዝነት ሲለወጥ 1,370 ኪሎጁል ያህል ሙቀት ከአካባቢው ይወስዳል። የኦዞን ንጣፍንም አይጎዳም። ይሁን እንጂ ከዓይን፣ ከጉሮሮና ከሳንባ እርጥበት ጋር ሲገናኝ አልካሊ ስለሚሆን ያቃጥላል። እ.ኤ.አ. በ2017 በካናዳ ፈርኒ ከተማ ከአንድ የበረዶ መንሸራተቻ አዳራሽ ማቀዝቀዣ ያፈተለከ አሞኒያ ሦስት ሠራተኞችን ገድሏል።

ለመሆኑ ሠራተኛ በሚተነፍሰው አየር ውስጥ ምን ያህል አሞኒያ ሊኖር ይችላል? መለኪያችን ከአንድ ሚሊዮን እጅ አየር ውስጥ የጋዙ ድርሻ ስንት እጅ እንደሆነ የሚገልጸው ፒፒኤም ነው። የአሜሪካ የኢንዱስትሪ ሃይጂን ባለሙያዎች ጉባኤ ሁለት ገደቦችን ይመክራል። አንደኛው የስምንት ሰዓት አማካይ ሲሆን 25 ፒፒኤም ነው፤ ሁለተኛው የ15 ደቂቃ አማካይ ሲሆን 35 ፒፒኤም ነው። አስገዳጁ የአሜሪካ ፌዴራል ደንብ ግን የስምንት ሰዓቱን አማካይ እስከ 50 ፒፒኤም ይፈቅዳል። በሕግ የተፈቀደውና ለጤና የሚመከረው ሁልጊዜ አንድ እንዳልሆኑ ከዚህ እንረዳለን።

ሁለት ገደብ ለምን አስፈለገ? በምሳሌ እንመልከት። አንድ ሠራተኛ ስድስት ሰዓት 10 ፒፒኤም ባለበት አየር፣ ሁለት ሰዓት ደግሞ በሚያፈስ ቫልቭ አጠገብ 60 ፒፒኤም ባለበት አየር ውስጥ ቢሠራ፣ የቀኑ አማካይ እንደሚከተለው ይሰላል፦

(6 × 10 + 2 × 60) ÷ 8 = 22.5 ፒፒኤም

በመጀመሪያው ገደብ ብቻ ብንዳኝ ችግር የለም እንላለን። ነገር ግን የሠራተኛው ዓይንና ጉሮሮ የሚቃጠሉት በቀኑ አማካይ ሳይሆን በዚያች ሰዓት በደረሰባቸው መጠን ነው። 60 ፒፒኤም ከ35 እንደሚበልጥ የሚያጋልጠው ሁለተኛው ገደብ ነው።

«ሽታው ያስጠነቅቀናል» የሚል አስተሳሰብም አለ። እርግጥ ብዙ ሰው አሞኒያን በ5 ፒፒኤም አካባቢ ያሸታል። ሆኖም በጋዙ ውስጥ በቆየን ቁጥር አፍንጫችን ይለምደዋል። ስለዚህ አፍንጫ የጋዙን መምጣት እንጂ መጠኑን አይነግረንም። 300 ፒፒኤም ሲደርስ ደግሞ ለሕይወትና ለጤና ወዲያውኑ አደገኛ ተብሎ ይመደባል።

ስለሆነም በማሽን ክፍሎች ውስጥ በየጊዜው የሚፈተሽ ጠቋሚ መሣሪያ፣ በቂ የአየር ማስወጫና የሚሰማ ደወል ሊኖሩ ይገባል። ደወሉ ሲጮህ የመጀመሪያው ተግባር መውጣት ነው። የመለኪያ መዝገብ በእጃችን ሲገባም የቀኑን አማካይ ብቻ ሳይሆን እጅግ የከፋው 15 ደቂቃ ስንት እንደነበር እንጠይቅ።