በአሮጌ ቮልስዋገን ወደ ጫሞ ሐይቅ

ከንባብ በፊት

በአካባቢያችሁ ዓሣ የሚጠመድበት ወንዝ ወይም ሐይቅ አለ? ከሌለ የቅርቡ ስንት ኪሎ ሜትር ይርቃል? አሮጌ ዕቃ ለመግዛት ስታስቡስ በቅድሚያ የምትመረምሩት ምኑን ነው? በእነዚህ ጥያቄዎች ላይ ጥቂት ከተወያያችሁ በኋላ የሚከተለውን ምንባብ ድምፅ ሳታሰሙ አንብቡ።

ምንባብ

ሞያሌ የውሃ አገር አይደለችም። በኢትዮጵያና በኬንያ ወሰን ላይ ለሁለት ተከፍላ የተቀመጠች፣ በግመልና በቀንድ ከብት ገበያዋ የታወቀች የቆላ ከተማ ናት። ወንዶች በጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ አንዱ ከአንዱ በላይ ቆመው፣ እየዘፈኑ ውሃ በቅብብሎሽ እያወጡ ከብት በሚያጠጡበት በዚያ በቦረና ምድር «ዓሣ ማጥመድ እወዳለሁ» የሚል ሰው ቢገኝ እንደ እንግዳ ቢቆጠር አያስገርምም።

በ1990ዎቹ ዓመታት አጋማሽ በከተማይቱ እናስተምር የነበርን ሦስት መምህራን ግን ይህ እንግዳ ፍላጎት ነበረን። ከመካከላችን አንደኛው ተወልዶ ያደገው በሐዋሳ ሐይቅ ዳር ስለነበር ቅዳሜ በደረሰ ቁጥር መንጠቆውን ከሣጥን እያወጣ ይወለውለው ነበር። ደህና ዓሣ ያለበት የቅርብ ውሃ በአርባ ምንጭ አጠገብ የሚገኘው የጫሞ ሐይቅ ነው። ከሞያሌ ተነሥቶ ሜጋንና ያቤሎን አልፎ፣ ከያቤሎ ወደ ምዕራብ ታጥፎ በኮንሶ በኩል ለሚሄድ መንገደኛ ርቀቱ 400 ኪሎ ሜትር ግድም ይሆናል። በሕዝብ ማመላለሻ አውቶቡስ መሄድ ይቻል ይሆናል፤ ዓሣ ይዞ መመለስ ግን አይቻልም። ተሳፋሪው ከነዘንቢሉ ያስወርዳል።

ስለዚህ መኪና ለመግዛት አሰብን። የመምህር ደመወዝ ምን ዓይነት መኪና እንደሚገዛ ተማሪዎች ሳትገምቱ አትቀሩም። የሦስታችን ቁጠባ ተደምሮ ስላልበቃ፣ የዕቁብ ዕጣ የወጣለት ባልደረባችን ለቤቱ ጣራ ቆርቆሮ ሊገዛበት ያስቀመጠውን ገንዘብ ጨመረበት። ባለቤቱ ይህን በሰማች ጊዜ፣ «እንግዲህ የኛ ቆርቆሮ ቤት ላይ መቀመጡን ትቶ መንገድ ለመንገድ ሊሮጥ ነው» አለች። ከመጋቢት ዝናብ በፊት ገንዘቡን ከዓሣ ሽያጭ እንደምንመልስ ቃል ገባን። ቃሉን የሰጠነው በቅን ልቦና ቢሆንም፣ በመንጠቆ ብቻ እያጠመዱ የቤንዚን ወጪ መሸፈን ዘበት መሆኑን ያኔ አናውቅም ነበር።

በመጀመሪያ የቀረበልን ቮልስዋገን በኬንያ ሞያሌ በኩል ካለችው ከኦቦ የመጣ ነበር። ዋጋው ረከስ ያለ ቢሆንም መሪው በቀኝ በኩል ነው። ኬንያ በግራ፣ ኢትዮጵያ በቀኝ ስለሚነዱ፣ መሪው በቀኝ የሆነ መኪና በእኛ መንገድ ላይ ከፊቱ ያለውን የጭነት መኪና ለመቅደም ሲሻ ነጂው ከወዲያ የሚመጣውን ማየት አይችልም። ይህን ያስረዳን የኦቦው ተወላጅ የሆነ መካኒክ ነው። ሰውየው በዕድሜ ይበልጠን ስለነበር «ኦቦ» እያልን እንጠራው ነበር። ቃሉ በኦሮምኛ «አቶ» እንደ ማለት ነው፤ በአማርኛ ሲጻፍ ግን ከአገሩ ስም ጋር አንድ ስለሚሆን፣ በማዕረጉ ይሁን በትውልድ ቦታው እንደጠራነው እሱም እኛም ለይተን አናውቅም።

ሁለተኛው መኪና እ.ኤ.አ. በ1965 የተሠራ፣ መሪው በግራ የሆነ ነበር። ኦቦ በዙሪያው ከመሽከርከር ይልቅ በቀጥታ የኋላ መቀመጫውን አነሣ። የቮልስዋገን ባትሪ የሚቀመጠው በዚያ ሥር ነውና፣ አሲድ እየፈሰሰ ወለሉን በዝገት የሚበላውም እዚያው ነው። ቀጥሎ የሞተሩን ፑሌጃ በሁለት እጁ ይዞ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ገፋ ሳብ አደረገው። የሚነቃነቅ ከሆነ የሞተሩ ውስጥ ተበልቷል ማለት ነው። በመጨረሻም ሞተሩን አስነሥቶ ጭሱን ተመለከተ፤ ሰማያዊ ጭስ ዘይት እንደሚቃጠል ያመለክታል። «መምህር፣ ቀለሙን አትዩት። ቀለም ሰውን ያስደስታል እንጂ መኪናን አያስኬድም» አለኝ። ገዛነው።

ስለዚህ መኪና ጥቂት ማወቅ ይጠቅማል። ሞተሩ ከኋላ ሲሆን የሚቀዘቅዘው በውሃ ሳይሆን በአየር ነው፤ ራዲያተር ስለሌለው በቆላ መንገድ ውሃ ፈላብኝ ብሎ አይቆምም። ጉልበቱ 34 የፈረስ ጉልበት ብቻ ነው። ዳሩ ግን የሞተሩ ክብደት በሚያሽከረክሩት የኋላ ጎማዎች ላይ ስለሚያርፍ በአሸዋና በጭቃ ላይ ከብዙ ትንንሽ መኪናዎች የተሻለ ይሄዳል። የዚህ ዓይነቱ መኪና ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርቶ የመጨረሻው እ.ኤ.አ. በ2003 ሜክሲኮ ውስጥ ከፋብሪካ ወጥቷል።

በቤንዚን ረገድ፣ በጥሩ ይዞታ ላይ ያለ ቮልስዋገን 100 ኪሎ ሜትር ለመጓዝ 8 ሊትር ያህል ይፈጃል። ከሞያሌ ጫሞ ደርሶ ለመመለስ 800 ኪሎ ሜትር ስለሚሆን 64 ሊትር ይበቃል ማለት ነው። በመቶ ኪሎ ሜትር 16 ሊትር የሚጠጣ ባለ አራት ጎማ ጉልበት መኪና ቢሆን ኖሮ 128 ሊትር ያስፈልግ ነበር። የቤንዚን ዋጋ ቀላል ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1973 የዓለም የነዳጅ ዋጋ ሲያሻቅብ፣ የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች በየካቲት 1966 ዓ.ም. ሥራ ያቆሙት በዚሁ በቤንዚን ጭማሪ ምክንያት እንደነበር በታሪክ ትምህርታችሁ ታስታውሳላችሁ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል፤ አሮጌዎቹን በጥንቃቄ የመያዙ ጉዳይም ከዚያ ወዲህ ሌላ ትርጉም አግኝቷል።

የመጀመሪያውን ጉዞ የጀመርነው ዓርብ ለቅዳሜ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ላይ ነበር። ያቤሎን አልፈን ወደ ሰገን ቆላ ስንወርድ በነጂው ፊት ያለው ቀይ መብራት በራ። መብራቱ ዲናሞው መሥራቱን እንዳቆመ የሚናገር ነው፤ በቮልስዋገን ላይ ግን ከዚህ የከፋ ትርጉም አለው። ዲናሞውን የሚያዞረው ቺንጋ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘውን ማራገቢያም የሚያዞረው እሱው ነው። ቺንጋው ተበጥሶ ጥቂት ኪሎ ሜትር የነዳ ሰው ሞተሩን ያቃጥላል። «እስከሚቀጥለው መንደር እንድረስ» ያለው ባልደረባችን ነበር፤ ቆርቆሮው ትዝ ሲለው ግን ራሱ ቁልፉን አዙሮ አጠፋው። ኦቦ ትርፍ ቺንጋና ቁጥር 21 ቁልፍ አስይዞን ስለነበር በግማሽ ሰዓት ቀየርነው።

ጫሞ አዞ የሞላበት ሐይቅ ነው። የአካባቢው አጥማጆች እግራችንን ውሃ ውስጥ እንዳንነክር አጥብቀው አስጠነቀቁን። ቀኑን ሙሉ በመንጠቆ ያገኘነው ጥቂት ቆሮሶና ሁለት አምባዛ ብቻ ነበር። የቀረውን ከዓሣ አጥማጆች ማኅበር ገዝተን፣ በጆንያ አድርገን ከኋላ መቀመጫ ጀርባ ባለው ክፍት ቦታ ጫንነውና በማግሥቱ ረፋድ ላይ ተነሣን።

ስሕተታችን ይህ ነበር። ያ ቦታ ከሞተሩ የሚለየው በአንድ ላሜራ ብቻ ነው። ኮንሶን ስናልፍ መስኮት ከፈትን። ያቤሎ ስንደርስ ሁሉንም መስኮት ከፈትን። ከያቤሎ ወዲህ ማታ ላይ መኪናውን አቁመን ዓሣውን በሙሉ ለጅብ ጣልነው። ባለ ቆርቆሮው እስከ ሞያሌ ድረስ አንድ ቃል አልተነፈሰም። እኔም ብናገር የሚሻል መስሎኝ ጀመርሁና ዝም አልሁ።

ከሁለተኛው ጉዞ በፊት ነገሩን በወረቀት ላይ አሰላሰልነው። ቀዝቃዛው የቮልስዋገን ክፍል ከፊት ያለው ኮፋኖ ሥር ነው። ነገር ግን የቤንዚን ጋኑ የሚገኘውም፣ በዚያ ዘመን ሞዴል ላይ የሚሞላበት አፍም እዚያው ነው፤ ዓሣው ከመበላሸት ቢተርፍ ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል። መላው የተገኘው ከአርባ ምንጭ ሙዝ እርሻ ነው። ዓሣው እንደተጠመደ ሆድ ዕቃው ወጥቶ፣ ታጥቦና ጨው ተነስንሶበት በሙዝ ቅጠል ላይ በላይ ተጠቀለለ፤ ከዚያም በላስቲክ ታስሮ በረጠበ ጆንያ ተሸፈነ። ጨዉን በመንገዳችን ላይ ካለው ከኤልሶድ ገዛን፤ ሰዎች ከእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ሐይቅ ውስጥ እየገቡ የሚያወጡት ጨው ነው። ቤንዚን የሞላነው ዓሣውን ከመጫናችን በፊት ነው። ጉዞው ደግሞ ሌሊት ሆነ። አምባዛ ከውሃ ወጥቶም አየር እየተነፈሰ ለሰዓታት ስለሚቆይ እሱን ሳናርድ፣ በእርጥብ ጆንያ ከእግራችን ሥር አድርገን ወሰድነው። ባልደረባዬ እንደሚለው አራተኛ ተሳፋሪ ነበር።

ጊዜው ሁዳዴ ስለነበር የሞያሌ ምግብ ቤቶች ዓሣውን በጠዋት ተሻሙበት። እስከ መጋቢት አጋማሽ ሦስት ጊዜ ተመላለስን። ዝናቡ ሲጀምር የባልደረባችን ቤት ጣራ ግማሹ ቆርቆሮ ለብሶ፣ ግማሹ በሸራ ተሸፍኖ ነበር፤ ባለቤቱም አልጋውን ወደ ቆርቆሮው በኩል አስጠጋችው። ለኦቦ አንድ ትልቅ ቆሮሶ ወስደንለት ነበር። አመስግኖ ተቀበለና ለጎረቤቱ ሰጠ። «እኔ የወተት ሰው ነኝ፤ ቺንጋውን ግን አሳዩኝ» አለን።

መልመጃ

ሀ. «ኦቦ» የሚለው ቃል በምንባቡ ውስጥ ሁለት ፍች ይዟል። ሁለቱንም ጽፋችሁ፣ በጽሑፍ አንድ ሆነው በፍች የሚለያዩ ሌሎች ሦስት ቃላት ፈልጉ።

ለ. ባልደረባቸው ቀዩ መብራት ሲበራ በመጀመሪያ ምን አለ? ሐሳቡን እንዲለውጥ ያደረገው ምንድን ነው?

ሐ. ቮልስዋገኑ 40 ሊትር ቤንዚን ይይዛል። ጋኑን ሞያሌ ላይ ሞልተው ቢነሡ ጫሞ ሲደርሱ ስንት ሊትር ይቀራቸዋል? በመልሱ ጉዞስ የግድ ቤንዚን መሙላት ያለባቸው የት ላይ ነው?

መ. የባልደረባቸው ባለቤት ለእናቷ የጻፈችው ደብዳቤ እንደሆነ አድርጋችሁ የመኪናውን ግዢና የጣራውን ነገር በአንድ ገጽ ጻፉ።