«ባህላቸው ነው» ብሎ ማለፍ ይቻላልን?

ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ ባለ ሻይ ቤት፣ ከዐሥር ሶላት በኋላ ስንጨዋወት ወሬው ወደ ሴት ልጅ ግርዛት ዞረ። በተለይም በሶማሌና በአፋር ወገኖቻችን ዘንድ ሕፃኗን ቆርጦ የሚሰፋው፣ «የፈርዖን» የሚባለው ተነሣ። አንድ የጨርቅ ነጋዴ፣ «እኛ ምን አገባን? ባህላቸው ነው። በሰው ባህል መፍረድ ትዕቢት ነው» አለና ነገሩን ሊዘጋው ፈለገ።

አባባሉ ትሕትና ይመስላል፤ መነሻውም ክፉ አይደለም። ስልጤው፣ ጉራጌው፣ ሐረሪው፣ ኦሮሞው፣ አማራው ትከሻ ለትከሻ በሚነግድበት መርካቶ አንዱ የሌላውን ምግብና የሠርግ ወግ ሲያንቋሽሽ ቢውል ገበያም አይቆም። ግና ሙሽራ የምትለብሰው ቀሚስና የሕፃን ገላ መቁረጥ ሁለቱም «ባህል» ስለተባሉ አንድ ናቸውን?

እስቲ ከልጅነታችን ጀምሮ የምናውቀውን ታሪክ በዚህ ዓይን እንየው። እ.ኤ.አ. በ615 ገደማ ሶሐቦች ወደ ሐበሻ ተሰደዱ። የቁረይሽ መልእክተኞችም ስጦታ ይዘው ነጃሺ ፊት ቀረቡ። ክሳቸው ምን ነበር? እነዚህ የአባቶቻቸውን ሃይማኖት የጣሉ ልጆቻችን ናቸውና ለእኛ መልስልን የሚል ነበር። ይህ ከነጋዴው ቃል በምን ይለያል? ንጉሡ የባዕድ አገር ሰው ነው። ስጦታውን ተቀብሎ «የራሳቸው ጉዳይ ነው» ማለት ይችል ነበር። እርሱ ግን ተከሳሾቹን ሳልሰማ አልሰጥም አለ። ጃዕፈር ኢብን አቢ ጧሊብ ተነሥቶ የገዛ ወገኖቹን ልማድ ዘረዘረ፤ ብርቱው ደካማውን እንደሚበላ፣ ዝምድና እንደሚቆረጥ ተናገረ። ነጃሺም ፈረደ።

ልብ በሉ! ፍርዱ በዐረብ ላይ አልነበረም፤ ጃዕፈርም ዐረብ ነበርና። ባህል በምንለው ነገር ውስጥ የሚያስቆርጥም የምትቆረጥም አለች። «ባህላቸው ነው» ስንል የሰማነው አንደኛውን ወገን ብቻ ነው።

«ይህማ ነጮች እኛን ለመርገጥ ያመጡት ወሬ ነው» የሚለኝ አይጠፋም። እውነት አለው። ድልድዩ በስማቸው የሚጠራው ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ፣ በልጅነታቸው ተማርከው ኋላ ለጦር ሚኒስትርነት የበቁት፣ በሕይወት ሳሉ በ1916 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የመንግሥታት ማኅበር አባል ሆነች፤ በዚያው ዓመትም ባሪያዎች ቀስ በቀስ ነፃ የሚወጡበት አዋጅ ወጣ። ፋሺስት ኢጣልያ ይህን ባርነት ጄኔቭ ላይ ሰበብ አድርጋ ካቀረበች በኋላ በመስከረም 1928 ዓ.ም. ወረረችን፤ የመርዝ ጋዝም ረጨችብን። ዳኛው ወንበዴ ነበር።

ታዲያ ዳኛው ወንበዴ ስለሆነ ባርነት መልካም ሆነን? በዚያ ንግድ የክርስቲያኑ መኳንንትም የሙስሊሙ ነጋዴም እጅ ነበረበት። የቢላል አገር ልጆች ነን ብለን የምንኮራ ሰዎች እዚህ ላይ ድምፃችን ዝቅ ይላል። ቢላልን ያሰቃየው ኡመያ ኢብን ኸለፍም እኮ በዘመኑ ልማድ ባለመብት ነበር! ባርነትን በሕግ ጨርሶ የከለከለው አዋጅ በነሐሴ 1934 ዓ.ም. ወጥቷል፤ እስከዚያ ድረስ የተሸጠው ልጅ፣ ወንበዴውም ይናገርለት ጨዋው፣ ሕመሙ አልተለወጠም።

ወደ ሕፃናቱ እንመለስ። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆናቸው ኢትዮጵያውያት ከ100 ውስጥ 65ቱ ተገርዘዋል። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 565 ግርዛትን፣ በአንቀጽ 566 መስፋትን ይቀጣል። ሕጉ ከአዲስ አበባ ነው የወጣው፤ እናትየው ደግሞ «ልጄን ማን ያገባታል?» ትላለች። ጭንቀቷ የእውነት ነው፤ ሕጉም ባል አያመጣላትም።

ከከምባታ የተገኘችው ቦጋለች ገብሬ ይህን ታውቅ ነበር። ራሷም ተገርዛለች። እ.ኤ.አ. በ1997 ከእኅቷ ጋር ድርጅት አቋቁማ ሽማግሌውን፣ ወጣቱን፣ እናቶችን አንድ ላይ አስቀምጣ አወያየች። ማንም ከውጭ መጥቶ ፈረደብን ሊላት አልቻለም፤ ምስክሩም ዳኛውም ከዚያው ቤት ነበሩ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በከምባታ ያልተገረዙ ሙሽሮች በአደባባይ ተዳሩ፤ ያገቧቸውም የአካባቢው ጎረምሶች ናቸው።